ቅዳሜ ጠዋት በአቶ ቸሬ ቤት

ባለፈው ሳምንት እዚህ ዳላስ አጠገብ ማኪኒ ያለ አንድ ክሊኒክ ለምርመራ ሄጄ ነበር። የደም ግፊቴን የምትለካው ልጅ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ደረቷ ላይ ካንጠለጠለችው ስሟ አበሻ መሆኗን አወቅሁና፣ "ልጄ፣ በጣም አታጥብቂው" አልኳት በአማርኛ። የያዘችውን መንፊያ ለቀቀችና ትኩር ብላ አየችኝ። "ቆይ፣ ቆይ" አለች፤ "አቶ ቸሬ ነህ? ማለቴ፣ ነዎት?" ስሜ መኮንን ነው፤ ፋይሉም ላይ የተጻፈው እሱ ነው። ግን በአንድ ወቅት ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ለሃያ ደቂቃ ያህል በሬዲዮ አቶ ቸሬ ነበርኩ። በዚያ ስም ሰው ከጠራኝ ብዙ ጊዜ ስለሆነ ክው አልኩ። ልጅቷ ፊቴን አይታው አታውቅም፤ ያወቀችኝ በድምፄ ነው። ያኔ የስምንት ወይም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና፣ በእናቷ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ቀበቶ ታስራ፣ ሳትወድ በግድ ወደ አማርኛ ትምህርት ስትወሰድ ትሰማን ነበር። እንደነገረችኝ ከሆነ አማርኛ የተማረችው ከትምህርት ቤቱ ሳይሆን ከእኔና ከሚስቴ ንዝንዝ ነው። ከዚያ ጠጋ አለችና ዓመታት ሙሉ ሲከነክናት የኖረ ነገር መሆኑ በሚያስታውቅ ድምፅ፣ "ሶ፣ ወይዘሮ ድንቄ ሄደች? ፎርት ዎርዝ ሄደች? እኛ የዛን ዊክ ሙቭ አደረግን፤ ኤንዱን አልሰማሁም" አለችኝ። የደም ግፊቴን ደግማ ለካችው፤ ከፍ ብሎ ተገኘ።

ሄደች ወይስ ቀረች የሚለውን መናገሬ አይቀርም። ግን ያንን ዘመን ሳላወራ ፍጻሜውን ብቻ ብናገር እኔም አይጥመኝም፣ እናንተም አይገባችሁም። ዘመኑ ቤንዚን አራት ዶላር ሊገባ ነው እየተባለ ሰው ሁሉ ማደያ ሲያይ የሚቆምበት ነበር። እኛ ፋርመርስ ብራንች የምትባል ከተማ መጋዘን የምንሠራ አራት ሰዎች በአንድ ያረጀች መኪና ታጭቀን እንሄድ ነበር። ስድስት ሠላሳ አምስት በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ትራፊክ ሲይዘን ያለችን አንዲት ሲዲ ነበረች፤ ተጭራ ስለነበር ሦስተኛው ዘፈን መሐል ላይ ትንተባተባለች፤ እኛም ለምደነው እዚያ ቦታ ስትደርስ አብረናት እንንተባተባለን። ስልክ የሚከፈትና የሚከደን ነበር፤ ሰው ሲያናድድህ ጥርቅም ታደርገዋለህ። የዛሬውን ስልክ ተናዶ መዝጋት እንዴት ይቻላል? ወጣቶቹ እስከ ጉልበታቸው የሚወርድ ነጭ ቲሸርት ይለብሱና እናቶቻቸው የማን ቀሚስ ነው ብለው ያሾፉባቸው ነበር። እናቶቹ ራሳቸው ደግሞ ከፋይ የመሰለ ቱታ፣ ቀለሙ ሮዝ ወይም ሐምራዊ፣ ገዝተው ለገበያም ለለቅሶም እሱኑ ይለብሱ ነበር። የእኛ ቤት ዋይሊ ነው። ያኔ ሰፈሩ ገና አዲስ ስለነበር ዛፎቹ ዱላ አክለው በገመድ ታስረዋል፣ ዝናብ ሲዘንብ ጥቁሩ ጭቃ ጫማ ያስቀራል፣ ከጓሯችን አጥር ወዲያ ላሞች ይግጣሉ። ዛሬ በላሞቹ ቦታ የጥርስ ሐኪም ቤት አለ። ጥርሴን ሲነቅለኝ ስለ ላሞቹ አጫወትኩት፤ አላመነኝም።

ነገሩ የተጀመረው መጋዘኑ ውስጥ ነው። ሊዮን የሚባል፣ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀረው ሽማግሌ አሜሪካዊ አብሮን ይሠራ ነበር። በምሳ ሰዓት ሁላችንም ማይክሮዌቩ ፊት ስንጋፋ እሱ ጥግ ይዞ ካሴት ይሰማል። ካሴቶቹ ቴሌቪዥን ሳይመጣ በፊት አባቱና እናቱ ሬዲዮ ከበው ይሰሟቸው የነበሩ የባልና ሚስት ቀልዶች ናቸው። መጀመሪያ የሚሉት አንዱም አልገባኝም። ግን በር ይከፈታል፤ ሰውየው ኮቱን እያወለቀ አንድ ነገር ያጉተመትማል፤ ሴትየዋ በቀጭኑ "እህ?" ትላለች፤ ዝም ይባላል፤ ሰው ይስቃል። ያኔ እኔም ሳቅሁ። አርፍዶ መጥቶ ምክንያት የሚፈልግ ባል በየትኛውም ቋንቋ ድምፁ አንድ ነው። ሊዮን ስስቅ አየና ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። ከዚያ ቀን በኋላ ምሳችንን አብረን በላን፤ እሱ የኔን ምስር ለመደ፣ እኔ የሱን ካሴት። እነዚያ ተዋንያን ሁሉ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው፤ ኩሽናቸው ውስጥ ግን ድስቱ ገና ይንኳኳል። አንድ ቀን ይህ ነገር ለምን አያረጅም ብዬ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ጠየቅሁት። ትከሻውን ሰበቀና ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት እንደሆናት፣ ቤት ውስጥ የሚነዘንዘው ሰው እንደሌለ ነገረኝ። ምስሬን ወደ እሱ ገፋሁለት።

እኔም በልጅነቴ ሬዲዮ ያለው ጎረቤት መስኮት ሥር ቆሜ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ የሊዮን ካሴት አላስቀምጥ አለኝ። ያን ጊዜ ካሳሁን የሚባል፣ ከአንዲት አነስተኛ ጣቢያ ላይ የቅዳሜን አንድ ሰዓት ተከራይቶ የአማርኛ ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ቀልጣፋ ሰው ነበር። ጣቢያዋ ከጎማ ቤት ኋላ ያለች ጠባብ ቤት ናት። ከእኛ በፊት አንድ የስፓኒሽ ሰባኪ ይጮኻል፤ ከእኛ በኋላ አንዲት ቬትናማዊት ሴት፣ ሁልጊዜ ጃንጥላ ይዛ፣ ከመስታወቱ ማዶ ተራዋን ትጠብቃለች። ካሳሁን ዜና ያነባል፣ የግብር ሒሳብ ሠሪና የቲኬት ቢሮ ያስተዋውቃል፣ የቀረውን ሰዓት በዘፈን ይሞላል። ሃያ ደቂቃ ስጠኝ፣ ባልና ሚስት ላጣላልህ አልኩት። ሚስት ከየት ልታመጣ ነው አለኝ። ከቤት አልኩት።

ጥሩወርቅን አግብቼ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖን ነበር። ዝምተኛ ሴት ናት፤ ገበያ ውስጥ ዋጋ እንኳ አትከራከርም። ማይክሮፎን ፊት ሲያስቀምጧት ግን ሌላ ሰው ሆነች። ወይዘሮ ድንቄ፣ ምላሷ የሠላ፣ ልቧ የዋህ፣ ባሏ አፉን ሳይከፍት የሚዋሸውን ውሸት የምታውቅ ሴት። እኔ አቶ ቸሬ ነኝ፤ ሁልጊዜ አንድ ነገር ደብቄ የምያዝ። ድራማውን የምጽፈው መጋዘን ውስጥ በሚጣል የዕቃ ማሸጊያ ወረቀት ጀርባ ላይ ነበር። የበሩ ድምፅ የጣቢያው መጸዳጃ ቤት በር ነው፤ ካሳሁን ሮጦ ይከፍተዋል። የድስቱን ክዳን ከቤት እናመጣለን። የቸሬ ነጠላ ጫማ ለመሆን የራሴን ነጠላ ጫማ ሁለት እጄ ላይ አድርጌ ጠረጴዛውን እየመታሁ እሄዳለሁ። ቬትናማዊቷ ሴት አንዲት ቃል ሳይገባት በመስታወቱ ማዶ ትስቅ ነበር። ይህንን ለሊዮን ስነግረው ካሴቶቹን በሙሉ በካርቶን አድርጎ ሰጠኝ።

ሰው እንዴት እንደወደደን ብነግራችሁ ጉራ ይመስላችኋል። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አበሻ ሱቅ ደጃፍ ብትሄዱ መኪና ፓርክ ያደረገ ሰው አይወርድም፤ ድንቄ ንግግሯን እስክትጨርስ መሪ ይዞ ይቀመጣል። ምን ነበረን? መልክ የለን፣ ልብስ የለን፣ አንድ ጠባብ ክፍልና አንድ የድስት ክዳን ነው። ይመስለኛል ምስጢሩ እዚያ ላይ ነበር። ቴሌቪዥን የሌላ ሰው ሶፋ ያሳይሃል፤ ቀለሙን ወደድክም ጠላህም የሌላ ሰው ነው። በሬዲዮ ግን ድንቄ ሶፋው ላይ ተቀመጠች ሲባል ሁሉም ሰው የራሱ ሶፋ ላይ ነው የሚያስቀምጣት። ስለዚህ የእኛ ጠብ በጋርላንድም በማኪኒም በየሰው ሳሎን ይካሄድ ነበር። ሰው ይደውላል። ቸሬን ተይው እሱ አያውቅም የሚል አለ፤ እሷም ታበዛዋለች የሚል አለ። አንዲት ሴትዮ ለቸሬ ሳል መድኃኒት ይሆናል ብላ ማር ልካልኛለች፤ ሳሉ የውሸት ነበር፣ ማሩን ግን በልተናል።

ነገር ግን በየሳምንቱ ሃያ ደቂቃ ማሳቅ እንደ ሕፃን ልጅ ነው፤ ትናንት በላሁ አይልም። ስድስት ወር ሳይሞላ የኔ ቀልድ አለቀ። ከዚያ ከቤት መውሰድ ጀመርኩ። ማንኮራፋቴን ወሰድኩ፣ ካልሲዬን ወሰድኩ፣ የእሷን የመኪና ቁልፍ ማጥፋት ወሰድኩ። እስከዚህ ድረስ ጥሩወርቅም ራሷ ትስቅ ነበር፤ ልማዳችን ዓርብ ማታ ወረቀቱን ሰጥቻት አንብባ፣ ይቺን ተዋት፣ ይቺን ጨምራት ብላ ትመልስልኛለች። አንድ ቅዳሜ ግን መጋዘኑ ትርፍ ሰዓት አሠርቶን ስለነበር ወረቀቱን የጨረስኩት ጠዋት መኪና ውስጥ ነው። ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጣ ሳለ ነው የሰጠኋት። አሁን የምጽፈው ነገር እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እናቷ ደሴ ላይ ሞተዋል። የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀታችን ስላላለቀ ሄደን ልንቀብር አልቻልንም። ዕድራችን መጣ፣ ሦስት ቀን ተቀመጥን፣ ሰው ተበተነ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የመኝታ ቤቱን ቁም ሣጥን ብከፍት ጥሩወርቅ እዚያ ውስጥ ጫማዎቹ መሐል ተቀምጣለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋለች፣ ጭኗ ላይ የሁለት ዶላር የስልክ ካርድ አለ። አትናገርም፤ ትሰማለች ብቻ። ማን ነው አልኳት። የእናቷ ቤት እንደተዘጋ፣ የቤቱ ስልክ ግን እንዳልተቆረጠ፣ እሁድ እሁድ እየደወለች ሲጠራ እንደምትሰማ ነገረችኝ። ለማንም እንዳትነግር አለችኝ። በሩን መልሼ ዘጋሁላት። እዚህ ድረስ ጥሩ ባል ነበርኩ።

የዚያን ቅዳሜ ግን አንድም ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ሲለኝ ያችን ካርድ አስታወስኩ። የዚያን ዘመን ካርድ ታውቁ እንደሆነ፣ ላዩ ላይ የአርባ ደቂቃ ይልና ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ ሴትዮዋ አንድ ደቂቃ ቀረህ ትላለች፤ ሰው ሁሉ ያማረረበት ነገር ነበር። እኔ ደግሞ አቶ ቸሬን እንዲህ አስባልኩት፤ የኔ ሚስት ካርድ ሦስት ወር ሙሉ አላለቀም፤ ለምን ቢባል የምትደውለው ማንም የሌለበት ቤት ነዋ፤ ካልተነሣ ደቂቃ አይቆጠር። ጥሩወርቅ ወረቀቱን ስትገልጥ ዓይኗ እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ አየሁት። ቀይ መብራቱ በርቷል፣ ዳላስ ሙሉ ይሰማል። የሷ ተራ ደረሰ። "ምን ላድርግ፣ የሚያነሡትማ ገንዘብ ላኪ ይሉኛል" የሚለውን የጻፍኩላትን መልስ፣ በድንቄ ድምፅ፣ ሳትደናቀፍ፣ ጨዋታውን ጠብቃ አለችው። ካሳሁን ከሳቁ ብዛት የበሩን ድምፅ ረሳው። ያን ቀን የደወለው ሰው ብዛት! ግማሹ ሦስት ወር የሚቆየው ካርድ የት እንደሚገኝ ነበር የሚጠይቀው።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ አልተናገረችም። ደክሟት ነው ብዬ አለፍኩት። እሁድም አልተናገረችም፤ ሰኞም። ምሳዬን ትቋጥራለች፣ ሸሚዜን ትተኩሳለች፣ እኔን ግን አትጠራኝም። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እንዳልሰማ ሰው አለፈችኝ። ሠራተኛ ነኝ፣ ከቃል በስተቀር ምን አለኝ፣ ቃሌን ደግሞ አልሰማም አለች። ቅዳሜ ሲደርስ አትመጣም ብዬ ነበር። መጣች። ለካሳሁን ቃል ሰጥታለችና ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጣ እንደ ወትሮዋ ሞልጫ ሰደበችኝ። አምላክ ያሳያችሁ፣ የገዛ ሚስቴን ድምፅ ለመስማት ሳምንት ሙሉ ቅዳሜን መጠበቅ ጀመርኩ። የሷን መስመር አስረዝሜ መጻፍ ጀመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት ባሰብኝና አቶ ቸሬን ይቅርታ አስጠየቅሁት፤ ለወይዘሮ ድንቄ ደግሞ "ይቅር ብዬሃለሁ ቸሬ" የሚል ጻፍኩላት። አንብባዋለች፣ አስተካክላ መልሳልኛለች፣ ቅዳሜ ጠዋት በሚያምር ድምፅ አለችው። አንዳንድ ሰው አልቅሷል። ከስቱዲዮው ወጥተን መኪና ውስጥ ገባን፤ እንደገና ዝም።

በአራተኛው ሳምንት ሌላ ይቅርታ ጻፍኩ። አንዱ ካልሠራ ሁለተኛው ይሠራል ብዬ ነው፤ እንዲህ ያለ ጅል ነበርኩ። ቸሬ ለመነ። ድንቄ እሺ ማለት ሲገባት ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠችው። "አልሰማሁህም" አለች። "ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ። ፎርት ዎርዝ ወንድሜ ቤት እሄዳለሁ።" ይህን እኔ አልጻፍኩትም። የጥሩወርቅ ወንድም እውነትም ፎርት ዎርዝ ነው ያለው፤ ሻንጣም እውነትም የመኝታ ቤቱ በር ሥር ቆሞ ነበር፤ እኔ ለችግረኛ የሚሰጥ ልብስ መስሎኝ በላዩ ተሻግሬ ነበር የምወጣው። ካሳሁን ትልቅ ድራማ መስሎት በደስታ አውራ ጣቱን አሳየኝና ዘፈን ለቀቀ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ የበራችን ደወል ተደወለ። ብከፍት ጋሽ ኑሩና አቶ ደምሴ ቆመዋል። ጋሽ ኑሩ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዱ፣ ጢማቸው የነጣ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም የሚሰማቸው ሰው ናቸው፤ አቶ ደምሴ ደግሞ የዕድራችን ሊቀ መንበር ነው። ሁለቱም በሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ግቡ አልኳቸው፣ ገቡ፤ ተቀመጡ ብላቸው አልቀመጥም አሉ። ሽማግሌ ልመናው እሺ ካልተባለ እንደማይቀመጥ ታውቃላችሁ። ልጅ ሊጠይቁ ነው የመጡት ብዬ አሰብኩ፤ ለማግባት የደረሰች ልጅ ግን የለችንም። አቶ ደምሴ ጉሮሮውን ጠረገና የዕድሩ ሴቶች ከቅዳሜ ጀምሮ ስልኩን እንዳላሳረፉት፣ ያን ያህል ዘመን የቆየ ትዳር እያያችሁ ይፈርሳል ወይ እንዳሉት ነገረኝ። ያኔ ገባኝና ሳቄ መጣ። ድራማ መሆኑን፣ ቸሬ የሚባል ሰው እንደሌለ፣ ድንቄም እንደሌለች አስረዳኋቸው። አቶ ደምሴ ፊቱ ቀላ፤ ወደ በሩ ተመለከተ። ጋሽ ኑሩ ግን አልተንቀሳቀሱም።

"ከኤርፖርት ሰው ጭኜ እየመጣሁ ነው የሰማሁት" አሉ። "ፓሴንጀሩ አበሻ ነበር፤ ሁለታችንም ዝም አልን። እኔ ኮሜዲ አውቃለሁ ልጄ። እሷ ስትናገር ኮሜዲ አልነበረም።"

ጥሩወርቅ ከኩሽና እጇን እየጠረገች ወጣች። "ይቀመጡ ጋሽ ኑሩ" አለች። "ቤት አልተሳሳቱም።"

ተቀመጡ። እኔም ተቀመጥኩ። ከዚያ ጥሩወርቅ፣ ገበያ ውስጥ ዋጋ የማትከራከረው ሴት፣ ቆማ ክሷን አሰማች። አንድም ቃል አልዘነጋሁም።

"እናቴን አልቀበርኳትም" አለች። "ቤቷ ተዘግቷል፤ ስልኩ ግን አለ። እሁድ እሁድ እደውላለሁ። ሲጠራ ሳሎኑ ውስጥ ድምፅ አለ ማለት ነው፤ ቤቱ ዝም አላለም ማለት ነው። ይህን የነገርኩት ለአንድ ሰው ነው። እሱ ለዳላስ ሕዝብ ነገረው፣ ሕዝቡም ሳቀ። ያሳቅሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ በገዛ አፌ።"

አቶ ደምሴ አንገቱን ደፋ። በኋላ እንደነገረኝ እሱም የካርዱን ስም ለመጠየቅ ከደወሉት አንዱ ነበር። ጋሽ ኑሩ ወደ እኔ ዞሩና አንተስ አሉ። ብዙ የምለው ነገር ነበረኝ፤ ስለ ትርፍ ሰዓቱ፣ ስለ ሃያው ደቂቃ፣ ወረቀቱን መኪና ውስጥ መጻፌን። ሁሉንም ተውኩት። "የወሰድኩት የእኔ አልነበረም" አልኩ። "አውቄ ነው የወሰድኩት። ሰው እንደሚስቅ ገብቶኝ ነበርና አልተመለስኩም።" ይህን ስል አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃለሁ፣ ሁለት ሽማግሌ ፊት ተነፋርቄያለሁ።

ጋሽ ኑሩ እንግዲህ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክመህ እግሯ ላይ ውደቅ አሉ። ዋይሊ ውስጥ ድንጋይ ፍለጋ ወጣሁ። አዲስ ሰፈር ስለሆነ ያለው ድንጋይ ሁሉ ለጌጥ የተቀመጠ ነው፤ የቆሻሻ ገንዳ ቦታውን ለቀቀ ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ የሰፈር ቤት ባለቤቶች ማኅበር ደግሞ ነበረን። ከአበባው ዳር አንዱን ነጭ ድንጋይ ነቅዬ አንገቴ ላይ አድርጌ ገባሁ። ከሥሩ የቴክሳስ ቀይ ጉንዳን መንደር መሥርቶ እንደነበር ያወቅሁት ሳሎኑ መሐል ስደርስ ነው። በአንገትጌዬ ገቡ። ማከክ አልችል፣ መጮኽ ነውር፤ ጋሽ ኑሩ ስለ ትዳር ክቡርነት ምክር ጀምረዋል። እንባዬ እንደገና ሲፈስ ጸጸት ነው ብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ጥሩወርቅ ግን የኔን ፊት ሃያ ስድስት ዓመት አንብባዋለች። "ጋሽ ኑሩ፣ ወገቡን ያመዋል፣ ያስቀምጠው" አለች፤ "ጉንዳንም እየበላው ነው።" ለእኔ አልተናገረችም፤ ለሳቸው ነው የተናገረችው። ቢሆንም ስለ እኔ ነበር፣ በዚያ ሰሞን ያገኘሁት ትልቁ ነገር ነው።

ለእናንተ ስል ይቅር ብየዋለሁ አለች። ከዛሬ ጀምሮ እሷ ሳታነብ አንድ መስመር ወደ ሬዲዮ እንዳይሄድም አስማለችኝ። ሽማግሌዎቹ መርቀው፣ ምሳ በልተው፣ ድንጋዩን ቦታው መልሰው ሄዱ። አንገቴን ቅባት ቀባችልኝ። ስትቀባኝ ግን ዝም ነበር፤ ሻንጣውም በሩ ሥር እንደቆመ ነው። ሳስበው ሁለት ይቅርታ ሰጥታኛለች። አንዱ እኔ ጽፌ የሰጠኋት ነው፤ ሁለተኛው በሽማግሌ ፊት እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ነው። የራሷ የሆነ አልነበረም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ማሸጊያ ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ማሳቂያው በቀላሉ መጣልኝ፣ ሽማግሌ አለበት፣ ድንጋይ አለበት፣ ጉንዳን አለበት። ሁሉንም እሷ እንድታነበው ጻፍኩ። የመጨረሻው ላይ ቸሬ "ድንቄ፣ ሻንጣውን መኪና ውስጥ ላስገባው ወይስ ልመልሰው?" ይላል። ከሥሩ "ድንቄ" ብዬ ጻፍኩና ቀሪውን ባዶ ተውኩት። ዓርብ ማታ ሰጠኋት። እርሳሷን ይዛ ከላይ እስከ ታች አነበበች፣ ባዶው ቦታ ላይ ስትደርስ እርሳሷ ቆመ። ምንም ሳትጽፍበት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ የዳላስ አበሻ ሁሉ የሰማን ይመስለኛል። ጉንዳኑ ሲደርስ ካሳሁን ወንበሩን ይዞ ይስቅ ነበር። ከዚያ ጥያቄዬን ጠየቅሁ። መልስ የለም። ሬዲዮ ላይ ዝምታ ምን ያህል እንደሚረዝም ያልሠራበት ሰው አያውቀውም፤ አምስት ሰከንድ ሲሆን ሰው መሣሪያው ተበላሸ ብሎ ይነካካል። ካሳሁን እጁን ወደ ዘፈኑ ሰደደ፤ ቬትናማዊቷ ሴት ከመስታወቱ ማዶ ቀና አለች። ጥሩወርቅ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አደረገች፣ መነጽሯን አወለቀች፣ አየችኝ። የድንቄ ድምፅ አልነበረም የወጣው፤ ዝግ ያለው የቤት ድምፅዋ ነው።

"መኮንን" አለች። "ሻንጣውን መልሰው። ቤቴ ነው፤ የትም አልሄድኩም።"

ካሳሁን የጆሮ ማዳመጫውን እንዳጠለቀ ዘፈኑን ለቀቀና፣ ወዲያው ደግሞ ዝቅ አድርጎ፣ ውድ አድማጮቻችን፣ ወይዘሮ ድንቄ የባለቤቷን ስም ስለተሳሳተች ይቅርታ እንጠይቃለን አለ። ጥሩወርቅ መነጽሯን መልሳ እያደረገች ነበር። "አልተሳሳትኩም" አለች ቀስ ብላ። ማይክሮፎኗ ተዘግቶ ስለነበር የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።